አማርኛ በዩሮቪዥን ደጃፍ

ዩሮቪዥን በተባለው የአገሮች የዘፈን ውድድር ላይ ኢትዮጵያ ተሰልፋ አታውቅም። የሚወዳደሩት በዋናነት የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት አባል የሆኑ ጣቢያዎች ናቸው። እስራኤልም ከአውሮፓ ውጭ ሆና ከ1973 ጀምሮ የገባችው በዚሁ አባልነት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልን።

በ2020 እስራኤል ለውድድሩ ድምፃዊት ኤደን አለነን መረጠች። ኤደን ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ እስራኤልን በዚያ መድረክ እንድትወክል የተመረጠች የመጀመሪያዋ ቤተ እስራኤላዊት ድምፃዊት ናት። «ፍቅር ልቤ» የተሰኘው ዘፈኗ እንግሊዝኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ዓረብኛንና አማርኛን ያደባልቃል። ከደራሲዎቹ አንዱ፣ ኢዳን ራይሄል፣ የአማርኛን ዜማ በእስራኤል ቀድሞ ያስለመደ ሙዚቀኛ ነው።

ዘፈኑ ግን መድረክ አላየም። ኮሮና መጣ፤ በማርች ወር ውድድሩ ተሰረዘ። አዘጋጆቹም የዚያ ዓመት ዘፈኖች ለቀጣዩ ዓመት አይቀርቡም ብለው ወሰኑ። ድምፃዊቷ ተመለሰች፣ አማርኛው ቀረ!

በ2021 ሮተርዳም ላይ «ሴት ሚ ፍሪ» በተባለ ዘፈን ለፍጻሜ አልፋ፣ በ93 ነጥብ 17ኛ ሆነች። ድምጿን ወደ ላይ ስትሰቅለው ብዙዎች ተደንቀዋል፤ ለእኛ ጆሮ ግን የቀደመው ዘፈን ይበልጣል።