ከመሰናበት በፊት በሮማናት ዙሪያ የሚዋልባቸው ስፍራዎች

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ሥራው ወዳለበት ይሄዳል፤ ሥራው ሲፈጸምም ዕቃውን ሸክፎ ይመለሳል። በአንድ ከተማ ሁለትና ሦስት ዓመት ተቀምጦ መንገድ ሲቀይስ፣ ቧንቧ ሲዘረጋ፣ ሕንፃ ሲያቆም የከረመ ባለሙያ፣ የመሰናበቻው ቀን ሲደርስ ከሥራ ቦታውና ከማደሪያው በቀር አንድም ስፍራ እንደማያውቅ የሚገነዘበው ብዙ ጊዜ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ልማድ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም እንደሚጎዳ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠችው ከተማ መቀሌ ናት፤ መነሻውም መኻል ከተማዋ ሮማናት ነው።

መቀሌ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ነፋሻ ከተማ ናት። ሮማናት አደባባይን በካርታ ላይ ብቻ ያየ መሐንዲስ የመንገዶች መጋጠሚያ ይለዋል፤ ተሽከርካሪ የቆጠረም በሰዓት የሚያልፈውን መኪናና ባጃጅ ያሰላል። ፀሐይ በረድ ስትል በዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ግን ሌላ ነገር ያያል። ከሚያልፈው ሕዝብ ብዙው የትም የሚደርስበት ጉዳይ የለውም፤ የወጣው ለመንሸራሸር፣ ሰላም ለመባባል፣ ለመታየትም ነው። በቆጠራው ሰንጠረዥ ውስጥ ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የተሰጠ ዓምድ የለም።

በዚያው ጎዳና ብስክሌት ያልፋል። ብስክሌት በመቀሌ መጓጓዣም ስፖርትም ነው፤ አውራ ጎዳናዎቹም የውድድር ሜዳ ሆነው ያውቃሉ። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የዚህችው ከተማ ተወላጅ ነው። ስለሆነም በመቀሌ የመንገድ ጠርዝ የሚነድፍ ባለሙያ ጎማው ቀጭን የሆነውን መንገደኛ ማሰብ ይኖርበታል፤ ይህንንም ከቢሮ ይልቅ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ፈጥኖ ይማረዋል።

ተሰናባቹ ቀጥሎ ሊደርስበት የሚገባው የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት ነው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከድንጋይና ከእንጨት ሲታነጽ ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ነበር። ጎብኚ የንጉሠ ነገሥቱን ዙፋን አይቶ ይወጣል፤ መሐንዲስ ግን ቆም ብሎ የድንጋዩን አገጣጠም ሊመረምር ይገባዋል። የጂኦሎጂ ሊቃውንት በአቅራቢያው ባለችው በሕንጣሎ ስም የሚጠሩት የኖራ ድንጋይ በመቀሌ ዙሪያ ተንጣሎ ይገኛል። በከተማይቱ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው አጥር እንኳ ብዙውን ጊዜ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ነው። በደጃዝማች አብርሃ አርአያ ስም የሚጠራው፣ ኋላም ሆቴል ሆኖ ያገለገለው ግንብ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ከተማይቱን ቁልቁል ያሳያል።

ለሙያው ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የሚገኘው ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ነው። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚያ ምሽግ ሠርቶ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ አዛዥነት ተከቦ ነበር። ግንቡ ጠንካራ ነበር፤ የሚጠጣው ውሃ ግን ከግንቡ ውጪ ቀረ። በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ ምንጩ ሲያዝ፣ መድፍ ያልፈታውን ምሽግ ጥማት ፈታው። በጥር ወር ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ፤ ዐፄ ምኒልክም መሣሪያውን እንደያዘ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ዛሬ በእንዳ ኢየሱስ ያለው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምህንድስና ተማሪዎችን ያስተምራል። ከተማይቱም ከዓይናለም የጉድጓድ ውሃ እየቀዳች እስከ ዛሬ ከውሃ እጥረት ጋር ትታገላለች። ከኮረብታው ላይ ቆሞ የቤቱን ብዛት ያየ ሰው፣ የውሃ ጥያቄ ከግንብ ጥያቄ እንደሚቀድም ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ከዚያ ወደ ገበያ መውረድ ነው። በግመል ተጭኖ ከአፋር ቆላ በበርሃሌ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው መቀሌን የንግድ ማዕከል ካደረጓት ነገሮች ዋነኛው ነበር። ዛሬ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ ተረክቧል፤ ጨው ግን አሁንም ይሸጣል። ወሩ ክረምት ከሆነ በለስ በየመንገዱ ዳር ይላጣል፤ ሻጯ እሾሁን በቢላዋ አንሥታ ፍሬውን ለገዢው ስታቀብል እዚያው ቆሞ መብላት ወግ ነው። የቀኑ መደምደሚያ ግን የሰፈር ቡና ይሁን። ሕምባሻ ቆርሰው፣ ሦስተኛውን ስኒ ሳያስጠጡ የማይለቁ እናቶች «ደሓን ኩን» ብለው ሲሸኙ፣ ተሰናባቹ በደኅና ሁን መመረቁን ያውቃል።

ይህ ቃል በመቀሌ ቀላል አይደለም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ሕይወት አጠፋ፤ ቤተሰብ ለያየ። ከ2013 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል መደበኛ በረራ አልነበረም፤ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። ለሕዝቡ መሄድም መመለስም የማይቻል ሆነ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ የመንገደኞች አውሮፕላን ታኅሣሥ 19 ቀን መቀሌ ሲያርፍ፣ በጣቢያው የተቃቀፉት ሰዎች አንዱ የሌላውን መሞትና መኖር ገና የሚጠያየቁ ነበሩ። እንግዲህ ቲኬቱን በኪሱ ይዞ ጓዙን የሚሸክፍ ባለሙያ፣ የፈለገ ዕለት መሄድ መቻሉ ራሱ ጸጋ መሆኑን በዚህች ከተማ ሊዘነጋ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አጭር ነው። ሰዎች የሚወዷቸው ስፍራዎች አብዛኞቹ በፕላን ላይ ስም የላቸውም። ጥላ የጣለ አጥር፣ ለመቀመጫ የሚመች ደረጃ፣ የቡና ረከቦት የሚዘረጋበት ደጃፍ በንድፍ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መስለው ይታያሉ፤ መንገድ ሲሰፋም ቀድመው የሚፈርሱት እነርሱ ናቸው። ያፈረሳቸውም መሐንዲስ ክፉ አሳቢ ሆኖ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ሄዶ ስላልተቀመጠባቸው ነው።

ስለሆነም የስንብት ቀን ለመጨረሻ ጊዜ መተው የለበትም። መሐንዲሱ በደረሰ በመጀመሪያው ወር እንደ ተሰናባች ሆኖ ከተማይቱን በእግሩ ቢዞር፣ ሰው የሚቀመጥበትን ስፍራ በቀያሹ ካርታ ላይ ምልክት ቢያደርግበት፣ ሲሄድም ያንን ካርታ ከሥራ ርክክቡ ሰነድ ጋር ለተተኪው ቢያስረክብ፣ ወጪው የጫማ ሶል ነው፤ ትርፉ ግን ለከተማይቱ ይቀራል።