ጎበዝ መምህር ሁሉ ጎበዝ ርዕሰ መምህር ይሆናል?

በጎባ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ርዕሰ መምህር ሆኖ ተሾመ እንበል። ከሹመቱ ማግስት ጀምሮ የሚጠየቀው ሌላ ሙያ ነው፤ በጀት ማቀድ፣ ንብረት መቆጣጠር፣ መምህራንን መደገፍ፣ ከወላጆች ጋር መመካከር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አስተዳደሩ ያልተማከለ እንዲሆን ወሰነ፤ ኃላፊነቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ቀረበ። ኋላ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ሥራውን በ4 ዘርፎች ከፈለው፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ አመራር፣ እንዲሁም የኅብረተሰብ ተሳትፎ። አመራሩ ከደከመ ሌሎቹ ሦስቱም ይደክማሉ። ለዚህም ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በክረምት መስጠት ጀመሩ።

ጎባ በምትገኝበት በባሌ ደጋ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው የስንዴና የገብስ ሥራ ይደራረባል፤ ልጆችም ከክፍል ይቀራሉ። የሠለጠነ ርዕሰ መምህር የቀሪዎችን መዝገብ ከእርሻው ወቅት ጋር ያመሳክራል፣ ወላጆችን አስቀድሞ ያነጋግራል፣ የማካካሻ ትምህርት ያቅዳል።

እዚያው ባሌ ያለችው ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የመምህራን ኮሌጅም አላት። ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። ሥልጠናው ግን በምስክር ወረቀት ማብቃት የለበትም። ትምህርት ቤቶችን የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ መዝገቡንና ዕቅዱን ከርዕሰ መምህሩ ጋር እያየ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊያግዘው ይገባል።

ወላጆች፣ እናንተም ርዕሰ መምህራችሁን ስለ በጀቱና ስለ ዕቅዱ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።