የቃጠሎ ፍርስራሽ እንዴት ይነሣል?

  የዛሬው ርዕሳችን የቃጠሎ ፍርስራሽ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022፣ በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ልክ በረመዳን ዋዜማ፣ የሀርጌሳ ከተማው ዋሂን ገበያ ሌሊቱን ነደደ። መተላለፊያው ጠባብ ነበርና የእሳት አደጋ መኪኖች ለመግባት ተቸገሩ። በማግሥቱ የቀረው የተጣመመ ቆርቆሮና አመድ ነው።

ታዲያ የቃጠሎ ፍርስራሽ ተራ ቆሻሻ አይደለም። ባትሪው፣ ቀለሙ፣ ፕላስቲኩ አብሮ ይነዳል። መርዙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ደቃቁ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል።

እስቲ የአፈር ወለል ያለው ቤት አስቡ። እናቶቻችን መጥረጊያ ከማንሣታቸው በፊት ምን ያደርጋሉ? ውኃ በእጃቸው ርጭት ርጭት ያደርጋሉ። ለምን? አቧራው እንዳይነሣ ነዋ! የቃጠሎ ፍርስራሽም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያ በአካፋ ይነሣል። በዚያ በሀርጌሳ ነፋስ በደረቁ መጥረግማ፣ አመዱን ለጎረቤት መላክ ነው። ደግሞም አታጥለቅልቁት፤ ውኃው መርዙን ይዞ ወደ ቦይ ይወርዳል።

ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አያቆምም። ደህና ጭንብል፣ ጓንትና ወፍራም ጫማ ያስፈልጋል። ልጆች አይጠጉ። ከሥር ፍም ሊኖር ይችላል። ያዘመመ ግድግዳ ካለ ራቁ። የኤሌክትሪክ መስመሩ መቋረጡን ሳታረጋግጡ ደግሞ አካፋ አታንሡ።