እንዶድና የመርከብ ሆድ



ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሆኖ ስለ መርከብ መናገር ያስቅ ይሆናል። ከ1993 ወዲህ (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን) የባሕር በር የለንም። ይሁን እንጂ የራሳችን መርከቦች ዛሬም ጂቡቲ ይመላለሳሉ፤ በፒያሳ ሱቆች በምንገዛው ዕቃ ዋጋ ውስጥም የመርከብ ኪራይ አለበት። መርከብ ደግሞ በሆዱ አልጌና ቅርፊታም እንስሳ ሲጣበቅበት ይከብዳል፤ ነዳጅም ይፈጃል።

ለዚህ መከላከያ ትራይቡቲልቲን የተባለ መርዝ ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። መርከቡን አጸዳ፤ ነገር ግን ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ አካል እያበቀሉ መከኑ። በ2008 ዓለም አቀፍ ስምምነት አገደው።

በአውስትራሊያ ጠረፍ ዴሊዜያ ፑልክራ የሚሉት ቀይ አልጌ ይበቅላል። ገላው ንጹሕ ነው። ፉራኖን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን በቆዳው ላይ እያወጣ ባክቴሪያዎች የሚላላኩበትን ምልክት ያውክባቸዋል፤ መልእክቱ ሲቋረጥ ተባብረው ሙልጭልጩን ንጣፍ መሥራት ያቅታቸዋል። ሳይገድል ያባርራል ማለት ነው፤ እኛን እጅግ የገረመንም ይኸው ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሳሙና በሱቅ ሳይደረደር እናቶች ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና ነገሩን ተከታተሉት። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዘመን ዜብራ ሙስል የሚባል ዝንጉርጉር ቅርፊታም እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ተሞከረበት፤ እንስሳውን ገደለው፣ እንዳይጣበቅም ከለከለው። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ ፓተንት አወጣበት። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ባለመብቱ ግን ቶሌዶ ሆነ። ልብስ አጣቢዎቹንማ ማን ጠየቃቸው?

እንዶድ ግን እንደ ቀይ አልጌው ገር አይደለም፤ ዓሣም ይገድላል። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት በመርከብ ሆድ ተቀብቶ በየወደቡ ቢንጠባጠብ ያው ሁለተኛ ትራይቡቲልቲን እንዳይሆን እንሠጋለን። ስለዚህ ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ እናቀርባለን፤ ዓሣውን ሳይነካ ቅርፊታሙን ብቻ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው የእንዶድ መጠን ስንት ነው? ፍሬው በገበያ ይገኛል፤ ቀንድ አውጣውም ከወንዝ አይታጣም።