ፊት የሚነዳውና ከኋላ የሚከተለው
(በሰፈራችን የብስክሌት ቡድን ጉዳይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ዛሬ በግድም ቢሆን እዚህ ጎን ለጎን የተቀመጣችሁ አራታችሁ ብስክሌተኞቻችን፤

የዛሬው ስብሰባ የውኃ መውረጃው ቦይ ጉዳይ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ቀን ይያዝለታል። የዛሬው ጉዳይ እንደሚታወቀው ባለፈው እሑድ በሰፈሮች ውድድር ላይ የተነሣው ጠብ ነው። አንዱ ልጃችን ብስክሌቱን አስፋልት ላይ ጥሎ «ከእንግዲህ ከእነሱ ጋር አልነዳም» ብሏል። ሌላው ማሊያውን አጣጥፎ ለጽሕፈት ቤታችን መልሷል። ስንት ዘመን ቡና የተጠራሩ እናቶቻቸውም ከእሑድ ወዲህ ሰላም አይባባሉም። ይሄ እንግዲህ ከብስክሌት አልፏል ማለት ነው።

የሆነውን ላላያችሁ በአጭሩ እንናገር። ወደ መርዓዊ በሚወስደው አስፋልት ተሂዶ ሲመለስ፣ ጉልበተኛው ልጃችን ከሁሉም ተነጥሎ ብቻውን ወጣ። ደህና አድርጎ ርቆ ነበር። ከኋላው ከቀሩት መካከል ግን የራሳችን ሁለተኛ ልጅ «እኔስ ምን አንሶኝ» ብሎ ይሁን ወይም በሙቀት፣ ፊት ወጥቶ የሌሎቹን ሰፈር ልጆች ሁሉ ይጎትት ጀመር። እየጎተተ እየጎተተ ወስዶ የገዛ ወንድሙ ላይ ጣላቸው። ከተማው መግቢያ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሆኑ። 200 ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ቀኑን ሙሉ አፍንጫውን ለነፋስ ያላሳየ የወዲያ ማዶ ሰፈር ልጅ ከመካከል ወጥቶ አሸነፈ። የኛው ጉልበተኛ አራተኛ ሆነ። ከተመልካቹም ጥቂት ሰዎች እንግዳውን ልጅ «ሌባ! ሌባ!» አሉት።

ታዲያ ልጁ ምን ሰረቀ? ለመፍረድ መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ያሻል።

ብስክሌት ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የብስክሌተኛ ጠላቱ ዳገት ብቻ ይመስለዋል። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ ልጅ ግን ዋናው ጠላት አየር ነው። ከሚያወጣው ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው አየር በመሰንጠቅ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርገው የአየሩ ግፊት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆንበታል። ከፊቱ ካለው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የሚከተለው ልጅ ግን አየሩ ስለተሰነጠቀለት ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያተርፋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሶውን ያስቀመጠ ልጅ መጨረሻ ላይ ቢቀድም ምኑ ይደንቃል? ሕጉም አይከለክለውም። ሕግ የሚከለክለው ማሊያ መጎተት፣ ሰው መገፍተር፣ በመጨረሻው ሩጫ መስመር እየለቀቁ ሌላውን መዝጋት ነው። ያ ልጅ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም።

ገጠር ያደጋችሁ ወንፈል ታውቃላችሁ። ዛሬ የኔን ታርሳለህ፣ ነገ ያንተን አርሳለሁ። የብስክሌት ተራም እንደዚያው ነው። አንዱ ፊት ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይነዳል፣ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ያሳልፋል፣ ከኋላ ገብቶ ያርፋል። ክርኑን ወዝወዝ ካደረገ «ተራህ ነው» ማለቱ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ከጎን ሲመታ ደግሞ መጠለያው ልክ ከኋላ መሆኑ ይቀርና በሰያፍ ይሆናል፤ ሰልፉም ይጋደማል፣ መጨረሻ ያለው ልጅ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይደርስና መጠለያ ያጣል። (ይህን ባጃጅና ኢሱዙ በሚመላለስበት መንገድ እንዳትሞክሩት! መንገድ በተዘጋበት ቀን ብቻ ነው።)

ነገር ግን ወንፈል የሚሆነው ጥቅማቸው አንድ ከሆነ ሰዎች ጋር ነው። ወንድምህ ፊት ብቻውን እየሄደ አንተ ከባላንጣዎቹ ጋር ከኋላ ከቀረህ፣ ያን ጊዜ ሥራህ አለመጎተት ነው። ይሄ ብዙ ሰው አይገባውም፤ ስንፍና ይመስለዋል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቦታ ይዘህ ትቀመጣለህ። አንዱ ተስፈንጥሮ ቢወጣ ጎማውን ትይዛለህ፤ «ና እንጂ አግዘኝ» ቢልህ አታግዘውም። ይሰድብሃል። ይስደብህ። እሱ በተናደደ ቁጥር ወንድምህ ይርቃል። ባላንጣዎቹም እርስ በርስ «አንተ ጎትት፣ አንተ ጎትት» ይባባላሉ፤ ፊት ያለው ልጅ ዕድሉ ያለው እዚያ ንትርክ ውስጥ ነው።

ልጆቹ በስልካቸው ካሳዩን ውድድሮች አንዱ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በወረርሽኙ ምክንያት ለአንድ ዓመት በተራዘመው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሴቶች 137 ኪሎ ሜትር ተወዳደሩ። ሆላንዶች አራት ኃይለኛ ሴቶች አሰለፉ። ከአራቱ ማሪያን ፎስ የለንደኑን፣ አና ፋን ደር ብሬገን የሪዮን ኦሊምፒክ ያሸነፉ ናቸው፤ ሌሎቹ አኔሚክ ፋን ፍሉተንና ዴሚ ፎለሪንግ ነበሩ። በሌላ በኩል አና ኪዘንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት ነበረች፤ በሒሳብ ትምህርት ዶክተር፣ ደመወዝ የሚከፍላት የብስክሌት ቡድን የሌላት፣ የሀገሯን ማሊያ ለብሳ ብቻዋን የቆመች። ውድድሩ እንደተጀመረ ከጥቂቶች ጋር አፈትልካ ወጣች። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲቀር አብረዋት የነበሩትንም ጥላ ሄደች። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሆላንዶች እንዲጎትቱ ይጠብቃሉ፤ ሆላንዶቹም በጊዜ ተስማምተው አላሳደዷትም። በኦሊምፒክ የጆሮ ሬዲዮ ስለማይፈቀድ መረጃም የላቸውም። ፋን ፍሉተን መጨረሻ ላይ ብቻዋን ወጥታ መስመሩን ስታልፍ ወርቅ ያገኘች መስሏት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ኪዘንሆፈር እኮ ከገባች 75 ሰከንድ ሆኗታል!

እንዴ፣ አራት እንዲህ ያሉ ሰዎች ተስማምተው ካልነዱ አንድ የሒሳብ ምሁር ትቀድማቸዋለች፤ የኛዎቹ ልጆች መንገድ ላይ ቢለያዩ ለምን እንደ ጉድ እናወራለን?

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ አባቶች በጥሞና ብትሰሙን ደስ ይለናል። በትልልቆቹ ቡድኖች አብዛኛው ብስክሌተኛ የሚቀጠረው ለማሸነፍ ሳይሆን ለመሪው ለማገልገል ነው። ውኃ ያመላልሳል፣ ነፋስ ይከላከላል፣ የመሪው ጎማ ቢተነፍስ የራሱን ነቅሎ ይሰጣል። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተሰለፈው ጽጋቡ ግርማይ በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ያለፈ ልጅ ነው። ለዚያ ሥራ ደመወዝ አለ። የኛ ልጅ ግን ለጓደኛው ብሎ ሳንባው እስኪፈነዳ ቢነዳ ምን ያገኛል? ስሙ አይጠራም፣ ፎቶ አይነሣም፣ ቤት ሲገባ «ዘጠነኛ ወጣህ አሉ» ይባላል። ሽልማቱን ያሸነፈው ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ «ለቡድኑ ሥራ» ብለን ብንጮህ ባዶ ቃል ነው። ግድግዳችን ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ከተጻፈ ስንት ጊዜው ነው፤ የታሰረውን አንበሳ ማን እንደሚወስደው ግን አልተጻፈም።

ሀገራችን መጀመሪያ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ያኔ በብስክሌት የቡድን ውጤት የሚባል ነበር፤ የልጆቹ ውጤት ተደምሮ ነው የሚታየው። እዚህ እኛ ጋ መደመር ስለሌለ ማኅበሩ ራሱ መደመር አለበት። ስለዚህ ኮሚቴው ተነጋግሮ ከዚህ በኋላ የሚገኝ ማንኛውም የገንዘብ ሽልማት ለአራቱ እኩል እንዲከፈል ወስኗል። ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል፤ ብሩ ግን አራት ቦታ ነው። የተበሳ ከመነዳሪና የተቀደደ ጎማ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከማኅበሩ ሣጥን ይለወጣል። «አንደኛው የበለጠ ይገባዋል» ያላችሁ አባት አሉ። አሳብዎን አልናቅነውም፤ ነገር ግን ቀሪዎቹ ሦስቱ ለምን እንደሚነዱ ካልነገሩን በቀር አንቀበለውም።

ለማን እንደሚነዳም አስቀድሞ ይወሰናል። ከውድድሩ በፊት ባለው ዓርብ ማታ አራታችሁ እዚሁ ትቀመጣላችሁ። መንገዱ ሜዳ ከሆነ ያ አጭሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚወረወረው ልጃችን ነው የሚጠበቀው። ሦስታችሁ እየተፈራረቃችሁ ነፋስ ትከላከሉለታላችሁ፤ የመጨረሻው 200 ሜትር እስኪደርስ አንገቱን ቀና እንዳያደርግ።

አንተ ጉልበተኛው ልጃችን፣ ንዴትህ ገብቶናል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ጎትተህ ሌላ ሲበላው ደም ያፈላል። ግን አስፋልት ላይ ዞረህ «አትጎትቱም ወይ» ብለህ ብትጮህ ማንም አይወጣልህም፤ ትንፋሽህን ነው የምትጨርሰው። ካልተፈራረቁልህ ዝም ብለህ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ፈረስ አትሁንላቸው። ጉልበትህን ለዳገት አስቀምጥ። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ የአየሩ ነገር ያን ያህል አይደለም፤ ጎማህ ላይ የተለጠፈ ሁሉ በራሱ እግር መውጣት ግድ ይሆንበታል። በቤዛዊት ኮረብታ ስትለማመድ አይተንሃል፤ እዚያ የሚከተልህ የለም።

አንተ ሁለተኛው ደግሞ፣ ወንድምህን ያስያዝከው በተንኮል ነው ብለን አናምንም። ማን ፊት እንዳለ፣ ለማን እንደሚነዳ ቀድሞ የነገረህ ሰው አልነበረም። ከእንግዲህ ግን ተነግሮሃል።

ተመልካቾችም መንገድ ዳር ቆመን ውኃ እናቀብል፣ እናጨብጭብ፤ የሰው ልጅ አንስደብ። የወዲያ ማዶ ሰፈር ማኅበር ደብዳቤ ጽፎልናል፤ በጨዋ ቃል ነው የጻፈው፣ እኛም በጨዋ ቃል መልሰናል።

የሁለቱን እናቶች ነገር በተመለከተ ማኅበሩ ውሳኔ አይሰጥም። ቡና ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ይፈላል፤ ሁለቱም ተጠርተዋል። የተመለሰችው ማሊያ ታጥባ ተሰቅላለች፣ ቁጥሯን ለሌላ ልጅ አልሰጠንም። ልምምድ ማክሰኞ ጧት በ12 ሰዓት ከማኅበሩ በር ይነሣል። ፓምፕ የወሰደው ልጅ ይዞ ይምጣ።