ወሎ ተቀረጸ እንጂ ወሎ አላየም

(በመርሳ ከተማ ለመምህራን፣ ለወጣቶችና ለነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ፊልም ተናገር ስትሉኝ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። የጤፍ ዋጋና የማዳበሪያ ዕዳ እያለ ስለ ፊልም ይወራል እንዴ? አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን የወሎን ያህል ፊልም የሚያገባው አገር የለም።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ሄደ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ሲታይ ሕዝቡ ደንግጦ ገንዘብ አዋጣ። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ነው፤ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት። ያውም ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ በረሀቡ መሀል እየሰካ። ያው የወሎ ሬሳ ለንደን ላይ የእርዳታ ጥሪ ሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዙፋን መገልበጫ። የቀረጸው አንድ፣ ቆርጦ የቀጠለው ሌላ፤ የተቀረጸው ገበሬ ግን አላየውም። ቴሌቪዥን ያኔ በአመዛኙ የአዲስ አበባ ነገር ነበርና። በ1977 ዓ.ም. በቆረም የሆነውም ከዚህ አይለይም። የቢቢሲው ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹትን ዓለም አይቶ አለቀሰ፣ ዘፈነም። ቆረም የት አየው?

ለመሆኑ ከእኛ ወገን ካሜራ የያዘ አልነበረም? ነበረ እንጂ! በዚያው በ1966 ክረምት የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ከአሜሪካ መጥቶ የጭሰኛን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ይቀርጽ ነበር። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ተዋናዮቹ አርሶ የሚበላ ሰው እንጂ የታወቀ ኮከብ አይደሉም። ነጻ ፊልም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። (ነጻ ስላችሁ በነጻ የሚታይ ማለቴ አይደለም፤ ሠሪው ከኩባንያ ትእዛዝ ነጻ የሆነበት ማለቴ ነው። ከዕዳ ግን ነጻ አይደለም።)

እዚያው ሆሊውድ ደግሞ በሰኔ 1967 ስቲቨን ስፒልበርግ «ጆስ» የተባለውን የሻርክ ፊልም አወጣ። ኩባንያው ምን አደረገ? በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አገሩን አጥለቀለቀና በአንድ ቀን ከ400 በላይ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ከፈተው። ወሬው «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ተብሎ ሳይዞር ሕዝቡ ገብቶ አይቷል፣ ገንዘቡም ተሰብስቧል። ከዚያ ወዲህ የትልልቆቹ ዘዴ ይኸው ነው፤ ለመሥራት ያወጡትን የሚስተካከል ገንዘብ ለማስተዋወቅ የሚያፈሱበት ጊዜ አለ። «ታይታኒክ» 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ የኢትዮጵያ ቪዲዮ ቤት ሁሉ ያሳየው ግን ከፊልሞች ሁሉ ስለበለጠ ብቻ ነው? መንገዱ ሁሉ የእነሱ ስለሆነም ጭምር ነው። ትንሹ ፊልም መንገድ የለውም፤ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ኃይሌ ይህን በቆዳው ያውቀዋል። ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» በ1985 ዓ.ም. በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፤ የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አንፈልግም አሉት። እሱም አላለቀሰም። ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት በገንዘቡ ተከራየ፣ የጥቁሮቹ ማኅበራትና የሰፈሩ ሰው ወሬውን አዛመቱለት፣ ሰው ተሰለፈ። ከዚያ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ውሎ አድሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባል መጽሐፍና ፊልም መሸጫ ከፈተ። ፊልሙን ሠርቶ መንገዱንም ሠራ ማለት ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶበታል፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ፣ በ2001 በዋጋዱጉ ተሸለመ። አሥራ አራት ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል።

ሽልማት ደግሞ ለብቻው አገር ቤት አያስገባም። በ2006 ዓ.ም. ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፣ የአንጀሊና ጆሊም ስም ተለጠፈበት። ነገሩ የጠለፋ ነው፤ ከእኛ ማን አያውቀውም? ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ባለታሪኳ ቅሬታ ካላት ቅሬታዋ መሰማት አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ጎበዝ፣ ውጭ አገር ያየውን ፊልም ያገሬው ሰው ተሰልፎ ገብቶ ሳያይ ሲወጣ አያሳፍርም?

በማግሥቱ በ2007 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ነው። ፈረንሳዮች አጨበጨቡ። በግ የሚጠብቅ ልጅ ሐብሩ ውስጥ በየደጁ አለ፤ ያንን ፊልም ያየ ልጅ ግን እጁን ያውጣ እስቲ። ... ይኸው።

አዲስ አበባ የሚሠራው የፍቅርና የሳቅ ፊልም ጨርሶ አይናቅም፣ ሕዝቡን ሲኒማ ቤት ያስለመደው እሱ ነው። ነገር ግን ለባለ ሲኒማው የሚቀርበው ጥያቄ «ፖስተሩ ላይ ማን አለ?» ከሆነ ገበሬ ምን ጊዜም ፖስተር ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ። የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልነግራችሁም። አንድ ነገር ብቻ፦ መስከረም 2014 ላይ፣ እዚህ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ሳለ፣ «ሳንኮፋ» ከ28 ዓመት በኋላ ታድሶ በኔትፍሊክስ ተከፈተ። መንገዱን የከለከሉት ዞረው መጡ ማለት ነው፤ ቢዘገይም።

የእናንተን ማን ይሠራዋል? ካሜራ እንደሆነ ዛሬ በየኪሱ አለ። ያያችሁትን አሁኑኑ፣ ምስክሮቹ ሳይሞቱ፣ እናት ስትናገር፣ አባት ዝም ሲል፣ ቅረጹ። ሠርታችሁ ግን ሽልማት ፍለጋ አትሩጡ፤ መጀመሪያ እዚህ አሳዩት፣ ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፣ በመኪናም በእግርም። የቀበሌ አዳራሽ የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ለካድሬ ስብሰባ ሲከፈት ለፊልም የሚዘጋበት ምክንያት የለም። ቁልፉ ያለው ሰው እዚህ ተቀምጦ እንደሆነ ከስብሰባው በኋላ ላነጋግረው እፈልጋለሁ። አንሶላውን እኔ አመጣለሁ።