ብረቱና አጥንቱ እስኪላመዱ



ቤታችን በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ለገጠሩ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። እኔም ዛሬ የማነሣው ከገጠር የመጣ ጥያቄ ነው።

ከደባርቅ በላይ ካለ ቀበሌ አንድ አባት እግራቸው ተሰብሮ መጡ። ወጌሻ ሞክሯቸው ነበር። ብረት አስገብተን፣ «ይይዛል፣ አይዞዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከወራት በኋላ በምርኩዝ ተመለሱ። ለመምጫው በሬ ሸጠዋል። «ልጄ፣ ብረቱ እኮ ከአጥንቴ ጋር አልተላመደም» አሉኝ። ራጁን ሳየው እውነታቸውን ነው፤ ብሎኑ ላልቷል።

እንግዲህ አጥንት ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለው፤ አንዱ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲስ ይገነባል። በብረቱ ዙሪያ አፍራሹ ከበረታ መያዣው ይላላል። ለአጥንት መሳሳት ከምናውቃቸው መድኃኒቶች ዞሌድሮኒክ አሲድ አፍራሹን ያቀዘቅዛል፤ በየቀኑ በመርፌ የሚሰጠው ቴሪፓራታይድ ገንቢውን ያነቃቃል። ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ባስተዋለባት ስዊድን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቢስፎስፎኔት የተቀባ የጥርስ ተከላ ካልተቀባው ይልቅ ጠብቆ እንደያዘ አሳይቷል። መድኃኒቱን በጥቂቱ፣ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ማድረስ፤ ተስፋው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ያ መድኃኒት በእጄ ቢኖር እኚያን አባት አድን ነበር? አላድንም። ብረቱን ስናወጣ ከሥሩ መግል አገኘን። ስብራቱ ካልረጋ፣ ደም በደንብ ካልደረሰው፣ ቁስሉ ካመረቀዘ መድኃኒት ብቻውን አጥንት አያበቅልም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከሸኘኋቸው በኋላ አልተከታተልኳቸውም። አጽድተን፣ አንቲባዮቲክ ሰጥተን፣ እንደገና አሰርን፤ ዘግይቶም ቢሆን ያዘላቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ብረት የገባለትን ሰው ሁሉ እንመዝግብ፤ በ6ኛው ወር ስልክ እንደውልለት፤ ስልክ የሌለውን በጤና ኬላው በኩል እንጠይቅ። የማን አጥንት በመግል፣ የማን በመሳሳት እንደዘገየ ስናውቅ ያኔ መድኃኒቱን ለማን እንደምንሞክር እናውቃለን። ውጭ አገር ያላችሁ ዕውቀታችሁን፣ እዚህ ያላችሁ መዝገቡን አምጡ።

እኚያ አባት ከእንግዲህ የሚሸጡት በሬ የላቸውም።